ታላቅ ወንድም፤ ስለ ሚኻይል ዶስቶዬቭስኪ አጭር ጥናት

«ወንጀልና ቅጣት»ን ያነበበ ወይም ቢያንስ ስሙን የሰማ ተማሪ በመካከላችን ብዙ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ፌዮዶር ዶስቶዬቭስኪ የሞት ፍርድ እንደ ተፈረደበት፣ ሳይቤሪያ ወርዶ እንደ ታሰረ፣ ቁማርተኛና ባለ ዕዳ እንደ ነበረ በየመጻሕፍቱ መግቢያ ስለሚነገር ሁላችንም ጥቂት ጥቂት እናውቃለን። ዕዳው ከወዴት መጣ ተብለን ብንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን «ከቁማር ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሙሉ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ያንገላታው ዕዳ በአብዛኛው የመጣው ከመጽሔት ሥራ ነው። የመጽሔቱም ባለቤትና በሕግ ፊት ኀላፊ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሚኻይል ነበረ።

የሚኻይል ስም በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከግርጌ ማስታወሻ አልፎ ሲወጣ ብዙ አይታይም። እዚያም ቢሆን እንደ ጸሐፊዎቹ ሁለት ዓይነት ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ አንዳንዶቹ ወንድሙን የመገበ ደግ ነጋዴ ነው ይሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በወንድሙ ብዕር የነገደ ሰው ያደርጉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር እንደ ረሱ ነው፤ ይኸውም ሚኻይል ራሱ ጸሐፊ እንደ ነበረና ብዕሩን ያስቀመጠው ሌላ ሥራ ስለ ያዘው መሆኑን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹ ግን ሩሲያ በዚያን ጊዜ ትሠራበት በነበረው በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ሚኻይል በ1820 በኦክቶበር ወር፣ ፌዮዶር በተከታዩ ዓመት በዚያው ወር ሞስኮ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ማሪይንስኪ በሚባለው የድኾች ሆስፒታል ሐኪም ስለ ነበረ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ነበረ። በ1837 በፌብሩዋሪ ወር እናታቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ የመጣ በመሆኑ ለእኛም አገር አንባቢ ስሙ እንግዳ ያልሆነው ባለቅኔ ፑሽኪንም የሞተው በዚያው ክረምት ነው። ሁለቱ ልጆች ለእናታቸው ጥቁር ለብሰው ሳሉ ለፑሽኪንም አብረው አዘኑ። በጸደይም አባታቸው ለጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሊያዘጋጃቸው በሠረገላ አሳፍሮ ወደ ፔተርስቡርግ ወሰዳቸው።

ስለዚህ ጉዞ ፌዮዶር ከ39 ዓመት በኋላ በ1876 በጃንዋሪ ወር ሲጽፍ፥ ሚኻይል በመንገድ ላይ ሳይቀር በቀን ሦስት ሦስት ግጥም ይጽፍ እንደ ነበረ፣ እርሱ ራሱ ግን ስለ ቬኒስ ኑሮ የሚተርክ ልብ ወለድ በሐሳቡ ብቻ ያውጠነጥን እንደ ነበረ ያስታውሳል። እንግዲህ ልብ እንበል። በዚያ ሠረገላ ውስጥ ብዕር የያዘው ታላቁ ነበረ።

ፔተርስቡርግ ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ ሐኪም ሚኻይልን መርምሮ «ጤናው አይበቃም» ብሎ መለሰው፤ ፌዮዶርን ግን አለፈው። ኋላ ዕድሜ ልኩን በሚጥል በሽታ ሲሠቃይ የኖረው ፌዮዶር መሆኑን ስናስብ የዚያን ሐኪም ሚዛን እንድንጠራጠር ያደርገናል። ሚኻይል በ1838 ዛሬ ታሊን ወደምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ሬቫል ወደምትባለው፣ በመሐንዲሶች ክፍል እንዲያገለግል ተላከ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያልተለያዩት ወንድማማቾች እንዲህ ተለያዩ።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ይህ መለያየት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተለያይተው ባይሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልተጻጻፉም ነበር። ዛሬ ሊቃውንት ስለ ወጣቱ ፌዮዶር የሚያውቁት፥ ሺለርንና ባልዛክን እንዴት እንዳነበበ፣ ስለ ሰው ልጅ ምሥጢርነት ምን እንዳሰበ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ «ድኾች ሰዎች» ሲወደድለት እንዴት እንደ ፈነደቀ፥ በአብዛኛው ለሚኻይል ከጻፋቸው ደብዳቤዎች የተገኘ ነው። እነዚያን ደብዳቤዎች ተቀብሎ ያስቀመጠው ሚኻይል ነው።

ሚኻይል በሬቫል ሳለ በ1842 ኤሚሊያ ፎን ዲትማር የምትባል ጀርመናዊት ተወላጅ አገባ፤ ልጆችም ወለደ። በመሐንዲስ ደመወዝ ቤተሰብ ማኖር ከባድ ነበር። ቢሆንም ከሥራ ሰዓት በኋላ ይተረጉም ነበር። የሺለርን «ዶን ካርሎስ» ወደ ሩሲያኛ እንዲመልስ የወተወተው ፌዮዶር ነው፤ የሺለርን ሥራዎች ሁሉ በጋራ ተርጉመው፣ በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ ትርፉን እንዲካፈሉ በ1844 ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ዕቅዱ እንደ ብዙዎቹ የፌዮዶር የገንዘብ ዕቅዶች በወረቀት ላይ ቀረ፤ ትርጕሙ ግን አልቀረም። ሚኻይል በ1847 ከውትድርና አገልግሎት ወጥቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፔተርስቡርግ መጣ፤ በ1848ም «ዶን ካርሎስ» እና ከጎቴ የተረጐመው «ቀበሮው ራይኔከ» በመጽሔት ታተሙለት። በዚያው ዓመትና በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት የራሱ አጫጭር ልብ ወለዶች በ«ኦቴቼስትቬንዬ ዛፒስኪ» መጽሔት ወጡ፤ በ1851 ደግሞ «ታላቂቱና ታናሺቱ» የሚል አስቂኝ ተውኔት አሳተመ። እነዚህ ሥራዎች ታላቅ ናቸው ብለን አንከራከርም፤ የጎጎልና የወንድሙ ጥላ ይታይባቸዋል። ነገር ግን በዘመኑ ከታወቁት መጽሔቶች አንዱ ተቀብሎ ያተመው ሰው «የጸሐፊ ወንድም» ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

በ1849 በአፕሪል 23 ሌሊት ፖሊሶች በፔትራሼቭስኪ ቤት እየተሰበሰቡ ስለ ባሪያ ገበሬዎች ነጻነትና ስለ ሳንሱር ሲነጋገሩ የነበሩትን ወጣቶች ለቅመው አሰሩ። ፌዮዶር ከእነርሱ አንዱ ነበረ። ሚኻይልም በስብሰባው አልፎ አልፎ ይገኝ ስለ ነበረ ይታሰር ተብሎ ታዘዘ፤ ዳሩ ግን ፖሊሶቹ ስሙን አሳስተው ምንም የማያውቀውን ታናሽ ወንድማቸውን አንድሬይን ወሰዱት። ስሕተቱ እስኪታረም ሁለት ሳምንት ያህል ሆነ። ሜይ ወር ሲገባ አንድሬይ ተለቀቀና ሚኻይል በተራው ወደ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ ገባ። በምርመራው ከባድ ነገር ስላልተገኘበት በጁን 24 ተፈታ። ከወጣም በኋላ እዚያው ለቀረው ለፌዮዶር ገንዘብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሼክስፒርን ሥራዎችና አዳዲስ መጽሔቶችን ይልክለት ነበር።

በዲሴምበር 22 ፌዮዶርና ጓደኞቹ በሴምዮኖቭስኪ አደባባይ በጥይት ሊደበደቡ ቆመው በመጨረሻው ደቂቃ «ምሕረት» የተነበበላቸው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመውም። የማይነገረው ግን በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ ተመልሶ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ለማን እንደ ሆነ ነው። ደብዳቤው ለሚኻይል ነው፤ በመጨረሻው ደቂቃ በሐሳቡ የነበረው ሚኻይል ብቻ እንደ ነበረ በውስጡ ይነግረዋል። ቪክቶር ሁጎ ሞት ስለ ተፈረደበት ሰው የመጨረሻ ቀን ከጻፈው መጽሐፍ የተወሰደ አንድ የፈረንሳይኛ ሐረግም በደብዳቤው ውስጥ ይገኛል። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ያን የሁጎን መጽሐፍ ወደ ሩሲያኛ ተርጉሞ «ስቬቶች» በሚባል መጽሔት ያሳተመው ሚኻይል ነው። ስለ ትርጕሙ ምክንያት ምንም ብንገምት ግምት ብቻ ይሆናል፤ ዳሩ ግን እንዲያ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ተርጓሚ ያን መጽሐፍ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ተረጐመው ለማለት ይከብደናል።

ፌዮዶር እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሳይቤሪያ ከመነሣቱ በፊት በምሽጉ ውስጥ ተገናኝተው ተሰነባበቱ። ከዚያ በኋላ በሚኻይል ሕይወት በጣም የሚወቀስበት ዘመን ይመጣል። ፌዮዶር በኦምስክ እስር ቤት በቆየባቸው 4 ዓመታት ከወንድሙ አንዲት መሥመር አልደረሰችውም። በ1854 እንደ ተፈታ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አጥብቆ ጠይቆታል፤ የመንግሥት ሰዎች ለእስረኛ መጻፍ አይፈቀድም ቢሉት እንኳ አርፎ መቀመጥ እንዳልነበረበት ወቅሶታል። ወቀሳው ከባድ ነው፤ ፍርዱንም ከወቃሹ ልንነጥቀው አይቻለንም። ሆኖም ሚኻይል ያንኑ ምሽግ ያየ፣ ሚስትና ሕፃናት ያሉት፣ መንግሥት የሚጠረጥረው ሰው ነበረ። ፈራ ብንል ስም ማጥፋት አይሆንብንም፤ ፍርሃቱ ግን ምክንያት አልነበረውም ካልን ኒኮላይ 1ኛ ይገዛት የነበረችውን ሩሲያ ረስተናል ማለት ነው።

ሚኻይል የሲጃራ ፋብሪካ ያቋቋመው በነዚሁ ዓመታት ነው። የሺለር ተርጓሚ ትምባሆ ነጋዴ ሆነ ብለው የሚያሾፉበት አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ በ1854 ፌዮዶር ከእስር ወጥቶ በሴሚፓላቲንስክ ተራ ወታደር ሲሆን፣ የካንትን፣ የሄግልን፣ ቁርአንንና የቤተ ክርስቲያን አባቶችን መጻሕፍት ላክልኝ እያለ ሲጽፍ፣ ገንዘብም ሲለምን፣ ከየት ይመጣል ብሎ ነበር? ገንዘቡ ይላክለት የነበረው ከዚያው ከሲጃራው ነው። በ1859 ደግሞ «የስቴፓንቺኮቮ መንደር» የሚባለውን ልብ ወለድ ሁለት መጽሔቶች ሳይቀበሉት ሲቀሩ፣ በየአዘጋጁ ደጃፍ ተመላልሶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ በ«ኦቴቼስትቬንዬ ዛፒስኪ» እንዲታተም ያደረገው ሚኻይል ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፌዮዶር ከተቀመጠበት ከትቬር ከተማ ድረስ ሄዶ ከ10 ዓመት በኋላ ተያዩ። በዲሴምበርም ፌዮዶር ወደ ፔተርስቡርግ እንዲገባ ተፈቀደለት።

በጃንዋሪ 1861 የሁለቱ ወንድማማቾች መጽሔት ወጣ። ስሙ «ቭሬምያ» ነው፤ «ጊዜ» ማለት ነው። ፌዮዶር ፖሊስ የሚከታተለው የቀድሞ እስረኛ ስለ ነበረ በሕግ አዘጋጅ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ፈቃዱ የወጣው በሚኻይል ስም ነበር። ፌዮዶር ይጽፋል፤ የሰው ጽሑፍ ይመርጣል፤ ያርማል። ሚኻይል ደግሞ ወረቀት ይገዛል፤ ከማተሚያ ቤት ጋር ይዋዋላል፤ ለጸሐፊዎች ይከፍላል፤ ሳንሱር ፊት ይቀርባል። መጽሔት አዘጋጅቶ የሚያውቅ አንባቢያችን ይህ ሁለተኛው ሥራ ስንት ሌሊት እንደሚወስድ ያውቀዋል። ሚኻይል ራሱ ለመጻፍ ጊዜ ያጣውም ያን ጊዜ ነው።

መጽሔቱ ተሳካ። በመጀመሪያው ዓመት 2,300 ያህል የነበሩት ደንበኞች በሁለተኛው ዓመት ከ4,300 የማያንሱ ሆኑ። «የተዋረዱና የተሰደቡ» እዚያ ወጣ፤ የእስር ቤቱ ማስታወሻ «የሙታን ቤት» በብዛት የታተመው እዚያ ነው። የኤድጋር ፖ ታሪኮች፣ የእንግሊዛዊቷ የጋስኬል ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች የተጻፈ ልብ ወለድ፣ የሁጎ «ኖትር ዳም» በትርጕም ቀረቡ። የመጽሔቱ መሪ ሐሳብ የተማረው ክፍል ከሕዝቡ አፈር ተነቅሎ ስለ ቀረ ወደዚያው መመለስ አለበት የሚል ነበር፤ ባሪያ ገበሬዎች ነጻ በወጡበት በ1861 ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ወደ ክርክሩ ብንገባ ግን ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገናል።

በ1863 ፖላንድ በሩሲያ አገዛዝ ላይ ተነሣች። በአፕሪሉ የ«ቭሬምያ» እትም ኒኮላይ ስትራኾቭ ስለዚሁ ጉዳይ «ዕጣ ወሳኙ ጥያቄ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ስትራኾቭ የአገሩ ተቈርቋሪ ነበረ፤ የፖላንዶችን አመለካከት ለመግለጥ ሲል የጻፈው ግን እጅግ የተድበሰበሰ ስለ ሆነ ለጠላት እንደ ቆመ ተቈጠረበት። በሞስኮ ጋዜጣ ተከሰሰ፤ በሜይ ወርም መንግሥት መጽሔቱን ዘጋው። ጽሑፉ የሚኻይል አይደለም፤ ሐሳቡም የሚኻይል አልነበረም። የዓመቱን ክፍያ ከፍለው አራት እትም ብቻ ያገኙት ደንበኞች፣ ማተሚያ ቤቱና ወረቀት ሻጩ የሚጠይቁት ግን ሚኻይልን ነበር።

ወራት ከፈጀ ልመና በኋላ ሌላ መጽሔት እንዲያወጣ ተፈቀደለት። «ፕራቭዳ»፣ ማለት «እውነት»፣ ብሎ ሊሰይመው ቢጠይቅ ሳንሱሩ እምቢ አለ፤ ስለዚህ «ኤፖኻ» ተባለ፤ «ዘመን» ማለት ነው። «ጊዜ» ቢዘጋባቸው «ዘመን»ን ከፈቱ። የመጀመሪያው እትም የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ 1864 ተብሎ ሁለት ወር ተደርቦ በማርች መጨረሻ ገደማ ወጣ። ደንበኞች ግን አንድ ጊዜ ተበትነዋል። ፌዮዶር በሞስኮ በሞት አፋፍ ላይ ያለችውን ሚስቱን እያስታመመ «ከወለል በታች ማስታወሻ»ን ይጽፍና ቁራጭ ቁራጩን ወደ ወንድሙ ይልክ ነበር። ሳንሱር ከመጽሐፉ ውስጥ የእምነትን አስፈላጊነት የሚያሳየውን ክፍል መቍረጡን ባየ ጊዜ የተማረረው ለሚኻይል ነው። ሚኻይል በበኩሉ በዚያው ክረምት ትንሽ ልጁን ቫርቫራን ቀብሯል። መጽሔቱ ግን መውጣት ነበረበት።

የፌዮዶር ሚስት በአፕሪል 15 ሞተች። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 10 ቀን 1864፣ ሚኻይል በፔተርስቡርግ አጠገብ በምትገኘው በፓቭሎቭስክ በጕበት በሽታ ሞተ። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር። ለቀብሩ ወጪ የዋለው 300 ሩብል ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ዕዳው 25,000 ሩብል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 10,000ው ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን 15,000ው በፊርማ ሰነድ የተያዘና የሚያጣድፍ ነው።

ፌዮዶር ሁለት መንገድ ነበረው። መጽሔቱን ለባለ ዕዳዎች ለቆ፣ በየመጽሔቱ እየጻፈ የወንድሙን ሚስትና ልጆች መርዳት ይችል ነበር፤ የወንድሙን ዕዳ በሕግ የሚያስከፍለው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን መጽሔቱን ለመቀጠል ወሰነና ሰነዶቹን በራሱ ስም ፈረመ፤ ከሀብታም አክስቱም 10,000 ሩብል ወስዶ ጨመረበት። በእኛ አስተያየት በገንዘብ ረገድ ይህ ከባድ ስሕተት ነበረ። በሽፋኑ ላይ በአዘጋጅነት የሌላ ሰው ስም ገባ፤ ያ ሁሉ ጥረት ሳይረዳ «ኤፖኻ» በ1865 ከፌብሩዋሪ እትም በኋላ ተዘጋ። ፌዮዶር በዚያ ሰሞን ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፥ ከዕዳው ነጻ የሚወጣ ከሆነ እንደ ገና ያንኑ ያህል ዓመት ለመታሰር ፈቃደኛ እንደ ሆነ ገልጧል። ሳይቤሪያን ያየ ሰው ቃል ነው!

ከዚህ ወዲያ ያለውን ብዙዎቻችን በሌላ በኩል እናውቀዋለን። ስቴሎቭስኪ የሚባል አሳታሚ በ1865 በ3,000 ሩብል አስፈረመው፤ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላቀረበ ለ9 ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ ያለ ክፍያ ሊያትምበት ነው። «ቁማርተኛው» በ26 ቀን የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሉን እየተቀበለች የጻፈችው አና ስኒትኪናም ሚስቱ ሆነች። በ1867 ከባለ ዕዳዎች ሸሽተው ወደ ውጭ አገር ወጡ፤ እስከ 1871ም አልተመለሱም።

አና ኋላ ባሳተመችው ትዝታ ስለ ሚኻይል ቤተሰብ የምትናገረው መራራ ነው። መበለቲቱና ልጆቹ ፌዮዶርን እንደ መተዳደሪያቸው ይቈጥሩት ነበር ትላለች። ከዕዳው ጠያቂዎችም መካከል ምንም ማስረጃ ሳይኖራቸው «ወንድምህ ይህን ያህል ነበረብኝ» እያሉ የመጡ እንደ ነበሩ፣ ፌዮዶርም አምኖ ይፈርምላቸው እንደ ነበረ ጽፋለች። አና የራሷን ጌጥ እያስያዘች የኖረች ሴት ስለ ሆነች ምሬቷ ይገባናል። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ሊለይ ይገባል፤ እርሷ ሚኻይልን በአካል አታውቀውም፤ ከፌዮዶር ጋር የተገናኘችው ሚኻይል ከሞተ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እርሷ የምታውቀው ዕዳውን ነበር። በኋላ የመጡት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ በእርሷ ዓይን ስላዩት የሚኻይል መልክ የደረሰኝ መልክ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉም ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ምስክርነት ግን ተጽፎ ይገኛል። በ1876 የታሪክ ሊቁ አፋናሲ ሽቻፖቭ እንደ ሞተ ስለ እርሱ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ፥ ሽቻፖቭ በ«ቭሬምያ» ሲሠራ ሚኻይል በክፍያ እንደ በደለው ተነገረ። ፌዮዶር በዚያን ጊዜ «የደራሲ ማስታወሻ» የሚባለውን ወርኀዊ ጽሑፉን ያወጣ ነበር። በአፕሪሉ እትም ስለ ሟቹ ወንድሙ ክብር አንድ ምዕራፍ ጽፎ፣ ሚኻይል የሰው ድካም የሚበላ ሰው እንዳልነበረ መሰከረ። ሚኻይል ከሞተ 12 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ዕዳውም ገና ተከፍሎ አላለቀም።